የአባባ ይመር አውራ ጣት

ስሜ ትዕግሥት ነው። ከስሜ ጋር ግን ተስማምተን አናውቅም። ሰልፍ፣ ስብሰባና "ነገ ተመለሺ" የሚሉት ነገር ያሳብዱኛል። እናቴ "ስምሽን ያወጣሁት ሳላውቅሽ ነው" እያለች ትስቅብኝ ነበር። ይህን የማነሳው ለጨዋታ አይደለም። መካነ ሰላም ላይ ያደረግሁትን ነገር ያደረግሁት ቸኩዬ እንጂ ከፍቼ አለመሆኑን ከመጀመሪያው እንድታውቁልኝ ብዬ ነው። ለነገሩ ከዚያ ወዲህ በችኮላና በክፋት መካከል ያለው አጥር እንደ ድሮው ረጅም ሆኖ አይታየኝም።

ዘመኑ የኢህአዴግ ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ረዳት ሌክቸረር ነበርኩ። አዲስ አበባ ተልኬ ስለ ምርምር ሥነ ምግባር አንድ ሳምንት ሰለጠንኩና የተሰጠኝን ሰርተፊኬት በፍሬም አስገብቼ ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ከእኔ በቀር ይህን ሥልጠና የወሰደ በግቢው ስላልነበረ በአንድ ጊዜ የጉዳዩ ሊቅ ሆንኩ። "ተጠኚው ሳይፈቅድ አንዲት ቃል አይወሰድበትም" እያልኩ ስንቱን መምህር እንዳስጨነቅሁ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

በዚያው ክረምት ልጆቻቸው ወደ ዓረብ አገር ስለሄዱባቸው ቤተሰቦች ጥናት ይሠራ ነበር። የመስክ ሥራውን የምመራው እኔ ነኝ። ቦታው በመካነ ሰላም ዙሪያ ያሉ የገጠር ቀበሌዎች ናቸው። ቤት ለቤት እየሄደ የሚጠይቅልን እንድሪስ የሚባል የአገሩ ልጅ ነበር። የሁለት ልጆች አባት ነው፤ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምራል፤ ክረምቱን ደግሞ ከእኛ ጋር ይሠራል። ዝምተኛ ነው፤ ጽሑፉ ግን እንደ መጽሐፍ ይነበባል።

ሥራው ሲያልቅ ቅጾቹን ያረፍኩበት ሆቴል አመጣልኝ። እያንዳንዱ ተጠኚ ለመሳተፍ መፍቀዱን በፊርማ ወይም በጣት አሻራ የሚያረጋግጥበት የፈቃደኝነት ቅጽ አለ። ስቆጥራቸው ዘጠኙ አሻራ የላቸውም። በአሻራው ፋንታ እንድሪስ በዚያ ውብ ጽሑፉ "ለመናገር ፈቅደዋል፤ ጣት ለማሳረፍ አልፈለጉም" ብሎ ጽፎባቸዋል።

"ምን ማለት ነው ይሄ?" አልኩት።

"አንዳንዱ ማዳበሪያ በዱቤ የወሰድክበት ነው ይሉኛል ብሎ ይፈራል። አንዳንዱ ከሴፍቲኔት እርዳታ እሰረዛለሁ ይላል። አባባ ይመር ደግሞ ምለዋል።"

"ለምን?"

"ረጅም ታሪክ ነው። ብትሄጂ ራሳቸው ይነግሩሽ ነበር።"

አልሄድኩም። የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው፤ ጭቃው ጉልበት ይደርሳል፤ መኪናችን ጠዋት ይነሳል። ለአለቃዬ ስልክ ደወልኩ። ስሙን ትቼ "ዶክተሩ" ልበለው።

"አሻራ የሌለው ቅጽ ይዘሽ እንዳትመጪ" አለኝ።

"በቃል መፍቀድም እኮ ይቻላል፤ ምስክር ካለ…"

"ትዕግሥት፣ ገምጋሚዎቹ የሚያዩት ሳጥኑን ነው። ሳጥኑ ባዶ ነው ወይስ ሙሉ ነው? ሌላውን ተይው።"

ስልኩን ዘጋሁ። ውጭ በረዶ ቀላቅሎ ይዘንባል። ሰዎቹ በፈቃዳቸው ተናግረዋል፤ የቀረው ቀለም ነው ብዬ አሰብኩ። ዘጠኝ ንጹሕ ቅጽ አወጣሁና ስማቸውን፣ የመረጃ ሰብሳቢውን የእንድሪስንም ስም ገለበጥኩ። የእንድሪስን ማስታወሻ ዘለልኩት። ከዚያ አውራ ጣቴን የማህተም ቀለሙ ላይ ጫን አድርጌ ዘጠኙም ሳጥን ውስጥ አሳረፍኩ። ቅጹ ደግሞ ሁለት ቅጂ ነው። አንዱ ቅጂ በተጠኚው እጅ ይቅር የሚለው ሕግ የራሴ ነበር፤ በሥልጠና ላይ የምመጻደቅበት ሕግ! እሱንም አልዘለልኩም። ቅጂዎቹን በየፖስታው አሽጌ "ለየባለቤቱ አድርስ" ብዬ ለእንድሪስ ሰጠሁት። ጣቴ በሳሙና አልለቅ ስላለኝ በበረኪና ፈተግሁት። በዚያ ቀን ቅር ያለኝ ነገር ቢኖር የበረኪናው ሽታ ብቻ ነው።

ሦስት ሳምንት ያህል አለፈና ተመልሼ መካነ ሰላም ሄድኩ። በዚህ ጊዜ የሄድኩት ለማሰልጠን ነው፤ ያውም ስለ ምርምር ሥነ ምግባር። ከዩኒቨርሲቲያችን የመጡ ወጣት ተመራማሪዎች፣ ከአካባቢው ከተሞች ከማሻና ከአጅባር የመጡ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም መረጃ ሰብሳቢዎቻችን በተከራየነው አንድ አዳራሽ ተሰብስበዋል። ዶክተሩ ፊት ለፊት ተቀምጧል። እንድሪስ ከኋላ ነው።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት "በማወቅ ላይ የተመሠረተ ፈቃድ" የሚለውን ስላይድ ከፍቼ እያብራራሁ ሳለ ጥበቃው ገብቶ በጆሮዬ "አንድ ሽማግሌ ከጠዋት ጀምሮ በር ላይ ይጠብቁሻል። ይመር ነኝ ይላሉ፤ ለጥናት ጠይቀውኛል ይላሉ" አለኝ።

ሰው ሲታበይ እንዴት እንደሚታወር ልንገራችሁ። ስሙን ሰማሁት፤ ግን ያ ስም የእኔ ጣት ካረፈባቸው ዘጠኝ ስሞች አንዱ መሆኑ ትዝ አላለኝም። የመጣልኝ ሐሳብ "ሕያው ምሳሌ አገኘሁ!" የሚል ነበር። "አስገባቸው" አልኩት።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ጋቢያቸው እስከ ጉልበታቸው በጭቃ የተረጨ ሽማግሌ ገቡ። "አሰላሙ አለይኩም" አሉ፤ አዳራሹ መለሰላቸው።

"እንኳን ደህና መጡ አባባ። እነዚህ ሁሉ ተመራማሪዎች ናቸው። እስቲ ይንገሯቸው፤ ለጥናቱ ሲናገሩ ያስገደደዎት ሰው አለ?"

"የለም። በአማና ነው የተናገርሁ።"

አማና ማለት በዚያ አገር በእስላሙም በክርስቲያኑም ዘንድ ከአደራ ሁሉ የከበደ አደራ ነው። እኔ ደስ አለኝ። "ሰማችሁ? ይህ ነው ፈቃድ ማለት!" አልኩ ወደ ሰልጣኞቹ ዞሬ።

"እኔም ጥያቄ ይዤ ነው የመጣሁ ልጄ" አሉ። ከጋቢያቸው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ፤ ዝናብ እንዳይነካው ሦስት ጊዜ ጠቅልለውታል። ዘረጉትና ሐምራዊውን አሻራ አመለከቱኝ። "ይቺ ጣት የማን ናት?"

ያኔ አወቅሁ። ያም ሆኖ አፌ ከልቤ ቀደመና "የእርስዎ ናት አባባ፤ ስምዎ አለበት" አልኩ። ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ይልቅ ቀላል ነበር።

ቀኝ እጃቸውን አነሱ። አውራ ጣታቸውን ማጭድ ከጥፍሩ እስከ አንጓው ሰንጥቆት፣ ሥጋው ተዛንፎ ነው የገጠመው። ከኋላ ያለ ሰው ሳይቀር ያያል።

"የኔዋ ይቺ ናት፤ ልጅ ሳለሁ ማጭድ የበላት። ቀለም አምጡና አሳርፌ ላሳያችሁ እንዳልል ምያለሁ።"

"ለምን ማሉ?" አለ ከሰልጣኞቹ አንዱ።

"ልጄ ፋጡማ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ደላላው ወረቀት አመጣ፤ 'ለጤና ምርመራ ነው' አለኝ። እኔ ፊደል አላውቅ፤ አሳረፍሁ። ለካስ ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፣ አባቷም ፈቅዷል የሚል ኖሯል። በዚያ ወረቀት ሄደች። ድምጧን ከሰማን ሁለት ረመዳን አለፈ። ለባለቤቴ ለዘሀራ በቁርዓን ማልሁላት፤ ይቺ ጣት ከእንግዲህ ወረቀት አትነካም ብዬ። አሁን ይኼ በፖስታ መጣ። ጎረቤታችን አነበበችው። 'ይመር ጣቱን አሳርፏል' አለች። ዘሀራ ያችኑ ቀን ወንድሟ ቤት ገባች። 'ደግሞ ማንን ሸጥህ?' ነው ያለችኝ። ስምንት ቀኗ። ወላሂ አላሳረፍሁም ብላት አታምነኝም። እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ የማን ጣት እንደሆነች ንገሩልኝ።"

ዶክተሩ ብድግ ብሎ ቅጹን ተቀበላቸው። "መረጃ ሰብሳቢው ማን ነው? እንድሪስ ይላል። እንድሪስ የታለ?"

እንድሪስ ቆመ። "እኔ እኮ አለመፈለጋቸውን ጽፌ…"

"ቁጭ በል! ለመሥሪያ ቤትህ በደብዳቤ እናሳውቃለን።"

እንድሪስ አልተቀመጠም። ወደ እኔ አየ። እንደ ከሳሽ አላየኝም፤ "እሷ ታውቃለች፣ ትናገርልኛለች" በሚል ዓይን ነው ያየኝ። እኔስ ምን አልኩ? "አሥራ አምስት ደቂቃ የሻይ እረፍት እንውሰድ" አልኩ። እስከ ዛሬ ሻይ እረፍት የሚል ቃል ስሰማ ፊቴ ይቀላል።

ከአዳራሹ ጀርባ ዶክተሩን ያዝኩት። "ጣቱ የኔ ነው።"

"አልሰማሁም።"

"የኔ ነው አልኩህ! ዘጠኙም!"

"እኔም አልሰማሁም አልኩሽ። ዛሬ የምታሰለጥኚው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? አሰልጣኟ ራሷ አጭበርብራ ከተገኘች ጥናቱም ሥልጠናውም ገደል ገባ። ሪፖርቱ ይግባና ከዚያ በውስጥ እናስተካክለዋለን።"

"እንድሪስስ?"

"እንድሪስ የክረምት ሠራተኛ ነው። ማስጠንቀቂያ ቢጻፍበት አይሞትም።"

ዶክተሩ ክፉ ሰው አልነበረም። የታመመ ባልደረባ የሚጠይቅ፣ ለተማሪ መጽሐፍ ከኪሱ የሚገዛ ሰው ነው። ይህ ነው የሚያናድደኝ። ክፉ ቢሆን ኖሮ እሱን ጠልቼ እገላገል ነበር። "በውስጥ እናስተካክለዋለን" የሚለው ግን የዘመኑ ሁሉ ቋንቋ ነበር፤ እኔም ስናገረው ኖሬያለሁ።

ትቼው ገባሁ። ሰዉ ሻዩን ይዞ እንደቆመ "ስሙኝ! እንድሪስ ምንም አላጠፋም። ያሳረፍኩት እኔ ነኝ። ጣቱ የኔ ነው" አልኩ።

የሆነውን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ከማሻ የመጣ አንድ ባለሙያ ፈገግ ብሎ "ድራማው እጅግ ግሩም ነው! ሽማግሌውን ከየት አገኛችኋቸው?" አለ። አንዷ ሳቀች። ሌላው ማጨብጨብ ጀመረ። ለካ በሥልጠና ላይ ትዕይንት ማሳየት የተለመደ ነውና ተዘጋጅተንበት የመጣን መስሏቸዋል! ከኋላዬ የገባው ዶክተርም ዕድሉን አላሳለፈውም። "አዎን፣ አሳታፊ ዘዴ እንለዋለን" አለና አብሮ አጨበጨበ።

በሕይወቴ ጭብጨባ እንደዚያ አንገብግቦኝ አያውቅም። "ድራማ አይደለም!" ብዬ ጮኽኩ። ይባስ ብሎ ጭብጨባው ደመቀ። አባባ ይመር ወደ እንድሪስ ጠጋ ብለው "ምን ሆነው ነው የሚያጨበጭቡ?" አሉት።

ለሰርተፊኬቱ የመጣው የማህተም ቀለም ጠረጴዛው ላይ ነበር። አውራ ጣቴን ነከርኩና ፊት ለፊት በተሰቀለው ትልቅ የመጻፊያ ወረቀት ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ አሳረፍኩት። ቅጹን ከዶክተሩ እጅ ነጥቄ ከአጠገቡ ለጠፍኩት። የአውራ ጣቴ ጫፍ ላይ በልጅነቴ ምላጭ የቆረጠኝ አጭር መስመር አለ። በሁለቱም ላይ አለ።

"ኑና እዩ" አልኩ።

መጀመሪያ የመጣው ያ የማሻው ሰው ነው። ጠጋ ብሎ አየ፤ ትኩር ብሎ አየ። ሻዩን አስቀመጠ። "እውነት ነው እንዴ?" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። ከዚያ አንድ በአንድ መጡ። ያጨበጨበ ሁሉ እጁን የሚያስገባበት አጣ።

አባባ ይመር ሁሉም እስኪያይ ጠበቁ። አልጮኹም፤ አልረገሙኝም። "እንግዲያማ ይኼንን ለዘሀራ ንገሪልኝ" አሉ።

"አሁኑኑ እንሂድ" አልኩ።

"ትዕግሥት፣ ከዚህ በር ብትወጪ የዚህ ጥናት ሰው አይደለሽም" አለኝ ዶክተሩ።

"እሺ" አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ትዕግሥት ማጣቴ ጠቀመኝ።

መንገዱ ያኔ የፈራሁት መንገድ ነው። ከእንድሪስና ከአባባ ይመር ጋር ወጣን። ጫማዬ በጭቃው ውስጥ እየቀረ ሁለት ጊዜ ተመልሼ ነቀልኩት። ቁልቁለቱ ላይ ስደርስ "ይቅርታ አድርግልኝ" አልኩት።

"ጽሑፌን ነው የዘለልሽው" አለኝ። "ውሸቱን እንኳ ልተወው። እኔ እውነቱን ጽፌልሽ ነበር፤ አንብበሽው ዘለልሽው።"

ቁልቁለቱን ከኋላው ተከትዬው ወረድኩ።

ወይዘሮ ዘሀራ ወንድማቸው ደጅ ገብስ ያበጥራሉ። ባላቸው ሲመጡ ቀና ብለው አላዩም። አባባ ይመር ራቅ ብለው ቆሙ። እኔ ጭቃው ላይ ተንበርክኬ ነገርኳቸው። እንድሪስ የጻፈውን፣ እኔ የዘለልኩትን፣ ቀለሙን፣ በረኪናውን ሳይቀር ነገርኳቸው። ወረቀቱን ዘረጋሁ።

"ጣትሽን አሳዪኝ" አሉ።

ሰጠኋቸው። ቀለሙ ገና አልለቀቀም። ያዙት፣ አገላበጡት፣ ከወረቀቱ ጋር አስተያዩት። ፊደል ያልቆጠሩ ሴት ናቸው፤ ግን ያንን አሻራ ከገምጋሚዎቹ ሁሉ በተሻለ አነበቡት።

"ጣትሽ ደህና ነው። ማጭድ አልነካው፣ ምን አልነካው" አሉ። "ታዲያ የገዛ ጣትሽን ስታሳርፊ ለምን የገዛ ስምሽን አልጻፍሽበትም?"

"ቸኩዬ ነበር እማማ።"

"ያ ደላላም ቸኩሎ ነበር። 'መኪናው ሊሄድ ነው' ነበር ያለን።"

አለቀስኩ። እሳቸው ግን አላባበሉኝም፤ ልክም ነበሩ። ቤት ገብተው መቀስ ይዘው ወጡና እንድሪስን "የይመር ስም የቱ ላይ ነው?" አሉት። አሳያቸው። በስሙ ዙሪያ ቆርጠው አወጡና ቁራጩን መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩት። ቀዳዳውን ወረቀት ወደ እኔ ወረወሩት።

"ስሙ የሱ ነው፤ ጣቱ ያንቺ ነው። የየራሳችንን እንያዝ።"

ከዚያ ወደ ባላቸው ዞሩ። ስምንት ቀን ላላነጋገሩት ሰው ምን ይሉ ይሆን ብዬ ጠበቅሁ።

"ላሟን ማን ሲያልባት ከረመ?" አሉ።

"እኔው ነኛ።"

"አንተ? አድርቀሃታል በለኛ!" ሰፌዱን ወደ ዳር አደረጉና ነጠላቸውን አነሱ። አባባ ይመር ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። እያለቀሱ ይሁን እየሳቁ አላየሁም።

አንባብያን ሆይ፣ ከዚህ በኋላ ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ ብጨርስላችሁ ደስ ባለኝ። አልተስተካከለም። የቀሩትን ስምንቱን ቤቶች በሁለት ቀን ዞርኩ። አንዱ ውሻ ለቀቀብኝ፤ አንዷ "ምን ቸገረኝ፣ ደግመሽ አሳርፊው" አለችኝ፤ ይህ ከውሻው የባሰ አመመኝ። ዘጠኙ ቅጾች ከጥናቱ እንዲወጡ ማመልከቻ ጻፍኩ። "ማመልከቻው በተገቢው ቅጽ አልቀረበም" ተባለ። በተገቢው ቅጽ አቀረብኩ። "ጉዳዩ በውስጥ ታይቷል" ተባለ። ሪፖርቱ በሚያምር ሽፋን ታትሞ ወጣ። የተጠኚዎቹን ቁጥር ሳይ ዘጠኙም ውስጡ አሉ። በእንድሪስ ላይ ደብዳቤ አልተጻፈም፤ ካገኘሁት ነገር ሁሉ ይኸው ብቻ ነው። የፋጡማን ድምፅ ቤተሰቧ ዛሬም አልሰማም።

አሁንም አሰለጥናለሁ፤ ሌላ ቦታ፣ ሌላ ሥራ ይዤ። ስላይዱን ከመክፈቴ በፊት ቀለም አዞራለሁ። ሁሉም ጣቱን ባዶ ወረቀት ላይ ያሳርፍና ወረቀቱን ለማያውቀው ሰው እንዲሰጥ አደርጋለሁ። "ምን ሊጽፍበት ነው?" ብሎ የማይጨነቅ አንድም ሰው አላጋጠመኝም። ከዚያም በሻይ እረፍት ላይ "ሰርተፊኬቱ መቼ ነው የሚሰጠን?" ብለው ይጠይቁኛል፤ እኔም እንደ ልማዴ እናደዳለሁ።

ይህን ከመጻፌ በፊት ወደዚያ ሄጄ አባባ ይመርንና ወይዘሮ ዘሀራን ጠይቄአለሁ። ስማችንን ቀይሪው ብለው ፈቅደውልኛል፤ እኔም ቀይሬዋለሁ። የፈቀዱት በቃል ነው። ምስክሩ እንድሪስ ነው፤ በዚያ ውብ ጽሑፉ ጽፎልኛል፤ በዚህ ጊዜ አልዘለልኩትም።

ሰርተፊኬቴን ከፍሬሙ አውጥቼዋለሁ። በቦታው ያለው መሃሉ በመቀስ የተቦደሰ አንድ አሮጌ ቅጽ ነው። ሐምራዊው አሻራ ደብዝዟል፤ የምላጩ መስመር ግን አሁንም ይታያል። ከሥሩ ስሜን ጽፌበታለሁ።